ትምህርት አሥራ አራት፦ ነጭ ሽንኩርትና ባክቴሪያ

የሚቀጥለው ምንባብ ገላጭ ድርሰት ነው። ገላጭ ድርሰት አንድ ነገር ምን እንደ ሆነና እንዴት እንደሚሠራ ለአንባቢ የሚያስረዳ ጽሑፍ መሆኑን ባለፈው ትምህርት አይታችኋል። ምንባቡን ከመጀመራችሁ በፊት፣ በየቤታችሁ ነጭ ሽንኩርት ለየትኛው ሕመም እንደሚሰጥና እንዴት ተዘጋጅቶ እንደሚሰጥ አስታውሳችሁ በደብተራችሁ ላይ በአጭሩ ጻፉ። ስታነቡም ግሦቹን በተለይ ልብ በሉ፤ የሰዋስው ክፍላችን የሚነሣው ከእነርሱ ነው። በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ምንባብ

በአገራችን ነጭ ሽንኩርት የማይገባበት ማጀት ጥቂት ነው። ወጥ ይጣፍጥበታል፤ በርበሬ ሲደለዝ ከዝንጅብል ጋር አብሮ ይወቀጣል። ይሁን እንጂ የማጀቱ ቅመም ብቻ ሆኖ አልቀረም። ጉንፋን የያዘው ሰው ነጭ ሽንኩርት ተወቅጦ ከማር ጋር ይሰጠዋል፤ ሆዱን የቆረጠው ከፌጦ ጋር ይቀምሰዋል፤ በአንዳንድ አካባቢም ቡዳን ይከላከላል ተብሎ ከጤና አዳም ጋር በጨርቅ ተቋጥሮ በሕፃን አንገት ላይ ይታሰራል። ስለ መጨረሻው አገልግሎት ሳይንስ የሚለው ነገር የለውም። የፊተኞቹ ሁለቱ ግን በሚገባ ሊመረመሩ የሚችሉ ናቸው፤ ተመርምረዋልም።

ነጭ ሽንኩርት ከሰው ልጅ ጋር የተዋወቀው ከጥንት ጀምሮ ነው። በግብፅ በንጉሥ ቱታንክሃሙን መቃብር ውስጥ የነጭ ሽንኩርት ራሶች ተገኝተዋል። ሄሮዶተስ የተባለው የግሪክ ታሪክ ጸሐፊም፣ ታላቁን ፒራሚድ ለሠሩት ሰዎች ለፍጅል፣ ለቀይ ሽንኩርትና ለነጭ ሽንኩርት የወጣው ገንዘብ በፒራሚዱ ላይ ተቀርጾ እንደ ነበር አስተርጓሚው የነገረውን ይዞ ጽፏል። በዚያ ሁሉ ዘመን ሰው ነጭ ሽንኩርትን ሲበላውና ሲታከምበት ቢኖርም፣ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት በሽታ እንደሚያመጡበት አያውቅም ነበር። ባክቴሪያ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት ነው፤ ብዙውን ጊዜ መጠኑ የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ነው። አንዳንዱ የባክቴሪያ ዓይነት በሽታ አምጪ መሆኑ የተረጋገጠው በ19ኛው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ፣ በፈረንሳዊው በሉዊ ፓስተርና በጀርመናዊው በሮበርት ኮኽ ሥራ ነው። ስለዚህ «ነጭ ሽንኩርት ባክቴሪያን ይገድላልን?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ከዚያ በፊት ሊጠየቅ አይችልም ነበር።

ጥያቄው በቤተ ሙከራ የሚመለስበት መንገድ ቀላል ነው። ከባሕር አረም የሚገኝ አጋር የሚባል እንደ ሙጫ የሚረጋ ነገር፣ ባክቴሪያ ከሚመገበው ምግብ ጋር ተቀላቅሎ በጠፍጣፋ ሳሕን ውስጥ እንዲረጋ ይደረጋል። በላዩ ላይ ባክቴሪያው በስሱ ይለቀለቃል። ከዚያም በሚመረመረው ጭማቂ የተነከረች ትንሽ ክብ ወረቀት መካከሉ ላይ ትቀመጣለች። ሳሕኑ የሰውን ገላ ሙቀት በሚመስል ሙቀት፣ ማለትም በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ፣ ያድራል። በማግሥቱ ሳሕኑ ሲከፈት ባክቴሪያው ተራብቶ ገጹን እንደ ጉም ሸፍኖት ይገኛል። ጭማቂው ባክቴሪያን የሚከለክል ከሆነ ግን በወረቀቷ ዙሪያ ምንም ያልበቀለበት ጥርት ያለ ቀለበት ይታያል። የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት ጭማቂ ይህን ቀለበት ያወጣል። ቁስልን የሚያመግለውን ስታፊሎኮከስን ይከላከላል፤ በአንጀት ውስጥ የሚኖረውንና አንዳንድ ዝርያው ተቅማጥ የሚያስከትለውን ኢ ኮላይንም እንዲሁ።

በጭማቂው ውስጥ ይህን የሚሠራው ምንድን ነው? ቼስተር ካቫሊቶና ጆን ቤይሊ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1944 ከተፈጨ ነጭ ሽንኩርት አንድ ዘይት መሰል ፈሳሽ ለይተው አወጡ፤ ስሙንም አሊሲን አሉት። ጊዜው ፔኒሲሊን በሰፊው ሥራ ላይ መዋል የጀመረበት ነበር። አሊሲን በውስጡ ድኝ ያለበት ንጥረ ነገር ነው፤ ያ ሁላችን የምናውቀው ኃይለኛ ሽታም የእርሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ከአንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት አንድ ፍሬ ፈልቅቃችሁ ሳትቈርጡና ሳትጨፈልቁ ብታሸቱት ሽታው እጅግ አነስተኛ ነው። በቢላዋ ስትከፍሉት ግን ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። ምክንያቱም ያልተነካ ነጭ ሽንኩርት ውስጥ አሊሲን ከነጭራሹ የለም ለማለት ይቻላል። ያለው አሊን የሚባል ሽታ የሌለው ንጥረ ነገር ነው። አሊንን ወደ አሊሲን የሚለውጠው አሊኔዝ የሚባለው ኤንዛይም ደግሞ በተለየ ክፍል ተዘግቶበት ይኖራል። ነጭ ሽንኩርቱ ሲቈረጥ ወይም ሲወቀጥ በመካከላቸው ያለው ግድግዳ ይፈርሳል፤ ሁለቱ ይገናኛሉ፤ አሊሲንም በሴኮንዶች ውስጥ ይፈጠራል። ለተክሉ ይህ መከላከያው ነው፤ በአፈር ውስጥ ሥሩን ሊበላ የመጣ ትል ወይም ሻጋታ መርዙን በገዛ ንክሻው ይቀሰቅሳል።

አሊኔዝ ሙቀትን አይችልም። ያልተቈረጠ ነጭ ሽንኩርት በፈላ ውሃ ውስጥ ቢጣል ኤንዛይሙ ሥራውን ሳይጀምር ይበላሻል፤ አሊሲንም አይፈጠርም። እንግዲህ ለጉንፋን የሚሰጡት እናቶች ነጭ ሽንኩርቱን በጥሬው በሙቀጫና በዘነዘና ወቅጠው፣ ብዙም ሳያቆዩ ከማር ጋር መስጠታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ ኤንዛይም የነገራቸው አልነበረም፤ ዕውቀቱ ግን በአዘገጃጀቱ ውስጥ ይገኛል። የባህል መድኃኒትን የሚያጠና ሰው የተክሉን ስም ብቻ መዝግቦ ቢሄድ ግማሹን ጥሎ መሄዱ ነው። መቼ ተቈረጠ? ተወቀጠ ወይስ ተቀቀለ? ትኩሱን ነው ወይስ የደረቀውን? ይህንንም መጠየቅ አለበት።

አሊሲን ባክቴሪያን የሚያጠቃው በዚህ መንገድ ነው። በባክቴሪያው ውስጥ ያሉ ብዙ ኤንዛይሞች ድኝና ሃይድሮጅን የተጣመሩበት ክፍል አላቸው። አሊሲን ከዚህ ክፍል ጋር ይዋሐድና ኤንዛይሙን ያሰናክለዋል። አንዱን ኤንዛይም ብቻ ሳይሆን ብዙዎቹን በአንድ ጊዜ ስለሚመታ ባክቴሪያው በቀላሉ ሊለምደው እንደማይችል ይገመታል። ነገር ግን ያው ድኝ ያለበት ክፍል በእኛም ሕዋሳት ውስጥ አለ። አሊሲን የባክቴሪያን ኤንዛይም ከሰው ኤንዛይም አይለይም። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ተወቅጦ በቆዳቸው ላይ ለሰዓታት የታሰረባቸው ሰዎች፣ በተለይም ሕፃናት፣ እሳት እንደ ነካው ያለ ቁስል እንደ ወጣባቸው በሕክምና መጽሔቶች በተደጋጋሚ ተመዝግቧል። ከዚህም ሌላ ነጭ ሽንኩርት የደም መርጋትን ስለሚያዘገይ፣ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቀው ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው በብዛት መውሰዱን ለሐኪሙ መናገር ይኖርበታል።

በሳሕን ላይ የታየው ነገር በሰው ገላ ውስጥም ይደገማልን? በ1999 በአሜሪካ ቴክሳስ የተደረገ አንድ ሙከራ ታትሞ ወጥቶ ነበር። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ በጨጓራ ውስጥ እየኖረ ቁስለት ያመጣል፤ ነጭ ሽንኩርት ይህን ባክቴሪያ በሳሕን ላይ እንደሚገታው አስቀድሞ ታውቋል። ተመራማሪዎቹ ባክቴሪያው ያለባቸውን 12 ሰዎች መርጠው፣ በአንድ ቀን አሥር የተከተፈ ፍሬ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ከምግብ ጋር፣ በሌላ ቀን የተከተፈ ቃሪያ፣ በሌላም ቀን ቢስመዝ የሚባለውን የታወቀ የጨጓራ መድኃኒት አበሏቸው። ከዚያም ባክቴሪያውን በትንፋሽ ምርመራ ለኩ። ቢስመዙ ባክቴሪያውን በግልጽ ቀነሰው። ነጭ ሽንኩርቱም ሆነ ቃሪያው ግን ምንም ለውጥ አላመጡም።

ይህ ለምን እንደ ሆነ መገመት አያስቸግርም። በሳሕኑ ላይ ባክቴሪያውና ጭማቂው ብቻቸውን ተገናኝተዋል። በሆድ ውስጥ ግን ምግብ አለ፣ አሲድ አለ፣ ባክቴሪያውም በጨጓራ ልፋጭ ውስጥ ተደብቋል። አሊሲን ደግሞ ያገኘውን ሁሉ የሚነካ ቸኩሎ የሚዋሐድ ነገር ነው፤ ባክቴሪያው ዘንድ ሳይደርስ በመንገድ ላይ ያልቃል። ከደም ጋር ሲገናኝም ከቀይ የደም ሕዋሳት ጋር ተዋሕዶ ወዲያው ስለሚጠፋ፣ ብዙ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት በበሉ ሰዎች ደም ውስጥ ተፈልጎ አልተገኘም። በደም በኩል ወደ ሳንባ ሄዶ በዚያ ያለውን ባክቴሪያ ይገድላል ብሎ ለመጠበቅ የሚያበቃ ምክንያት የለም።

ከዚህም የከፋ ነገር ሆኖ ያውቃል። በ1985 በካናዳ በቫንኩቨር ከተማ 36 ሰዎች ቦቱሊዝም በሚባል ጡንቻን ሽባ በሚያደርግ ከባድ የምግብ መመረዝ ታመሙ። መነሻው በምርመራ ሲገኝ በዘይት ተዘፍዝፎ የተቀመጠ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት ሆነ። በሽታውን የሚያመጣው ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የተባለው ባክቴሪያ በአፈር ውስጥ ይኖራል፤ ነጭ ሽንኩርትም ከአፈር የሚወጣ ነው። ባክቴሪያው አየር ባለበት አይራባም። ዘይቱ አየሩን ዘጋለት፤ የቤቱ ሙቀት ተስማማው፤ በነጭ ሽንኩርቱ መካከል ተቀምጦ መርዙን ሠራ። አሊሲኑ በዚያን ጊዜ ተበትኖ አልቆ ነበርና አልከለከለውም። ዛሬም ነጭ ሽንኩርት ፈጭታችሁ በዘይት የምታስቀምጡ ከሆነ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይሁን፤ ለጥቂት ቀናት ከሚበቃውም አይብለጥ።

በሳንባ ምች ወይም በሳንባ ነቀርሳ የተያዘ ሰው «ነጭ ሽንኩርት ባክቴሪያን ይገድላል» የሚለውን ሰምቶ ክኒኑን ቢተው ምን ይደርስበታል? ዓረፍተ ነገሩ ውሸት አይደለም። በሳሕን ላይ እውነት ነው። ሰውየው ግን ሳሕን አይደለም፤ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ያለ መቋረጥ ለወራት መወሰድ ያለበት ነው፤ በሳንባ ምች ለተያዘ ሕፃን ደግሞ የአንድ ቀን መዘግየት ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል።

ሰዋስው፦ ግሥና ተሳቢው

በምንባቡ ውስጥ ሦስት ተቀራራቢ ግሦችን አግኝታችኋል፤ ይገታል፣ ይገድላል፣ ያድናል (ሦስተኛው በግልጽ አልተጻፈም፤ ሰሚው ግን በሐሳቡ የሚጨምረው እርሱን ነው)። ሦስቱም ገቢር ግሦች ናቸው፤ ስለዚህ ተሳቢ ይፈልጋሉ። ተሳቢውን የምናውቀው በመድረሻው «ን» ነው።

ነጭ ሽንኩርት ባክቴሪያን ይገታል። (ባክቴሪያው አይራባም፤ ሞቷል ግን አልተባለም።)
ነጭ ሽንኩርት ባክቴሪያን ይገድላል። (ባክቴሪያው ሞቷል።)
ነጭ ሽንኩርት በሽተኛን ያድናል። (ሰውየው ጤናው ተመልሷል።)

በሁለቱ የፊተኛ ዓረፍተ ነገሮች «ን» የወደቀችው በባክቴሪያ ላይ ነው፤ በሦስተኛው በሽተኛ ላይ ወደቀች። በሳሕኑ ላይ የተመረመረው ባክቴሪያ እንጂ በሽተኛ አልነበረም። ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው የዘለለ ጸሐፊ ግሡን ብቻ የለወጠ ይመስለዋል እንጂ ተሳቢውንም ለውጧል፤ ለአዲሱ ተሳቢ አዲስ ማስረጃ ማምጣት ይጠበቅበታል። ያ በርቀት የተጠቀሰው ቀለበት ራሱ መግታትን ያሳያል እንጂ መግደልን ለማሳየት ሌላ ሙከራ ያስፈልጋል፤ ብዙ ጋዜጣ ይህን ይዘነጋዋል።

አሁን ደግሞ ተደራጊ ግሦችን ተመልከቱ፤ ይባላል፣ ይገመታል፣ ተረጋገጠ፣ ተመዝግቧል። በአዕማደ ግሥ ትምህርታችሁ እንዳያችሁት ተደራጊ ግሥ አድራጊውን ይሰውራል። ይህ ጠቃሚም ጎጂም ነው። «አጋሩ በሳሕን ውስጥ እንዲረጋ ይደረጋል» ስንል ማን እንዳደረገው አያሳስበንም። «ነጭ ሽንኩርት ሳንባ ነቀርሳን እንደሚያድን ተረጋግጧል» ሲባል ግን ያረጋገጠው ማን ነው ብሎ መጠየቅ የአንባቢ መብት ነው፤ መልስ ከሌለ ግሡ ወደ «ይባላል» መውረድ አለበት። ይባላል፣ ይገመታል፣ ታይቷል፣ ተረጋግጧል የሚሉት ቃላት አንዱ በሌላው ቦታ የሚገቡ ጌጦች አይደሉም። እያንዳንዳቸው የተለያየ የማስረጃ መጠን ይሸከማሉ።

በመጨረሻም ንኡስ አንቀጽን አትጣሉ። «ነጭ ሽንኩርት ሲወቀጥ አሊሲን ይሰጣል» የሚለው ዓረፍተ ነገር እውነት ነው። «ሲወቀጥ» የሚለውን ብታወጡ ዓረፍተ ነገሩ በሰዋስው ረገድ አይጎድልበትም፤ በፍሬ ነገሩ ግን ይሳሳታል።

መልመጃ አንድ

የሚከተለውን አንቀጽ አንድ ተማሪ ጻፈው እንበል፦

«ነጭ ሽንኩርት ባክቴሪያን እንደሚገድል ተረጋግጧል። ስለዚህ ቁስልን፣ ጨጓራን፣ ሳንባን ያድናል። በፈላ ውሃ ቀቅሎ የጠጣው ሰው አይታመምም። አያቶቻችን ይህን ሁሉ ያውቁ ነበር።»

ሀ. በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ በየት፣ በምን ሁኔታ እንደ ተረጋገጠ የሚያሳይ ንኡስ አንቀጽ ጨምሩ።
ለ. በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር «ስለዚህ» የሚለው መስተጻምር ተገቢ ያልሆነው ለምንድን ነው? ተሳቢዎቹን እያመለከታችሁ አስረዱ።
ሐ. ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ከምንባቡ ጋር የሚጋጭባቸውን ሁለት ነጥቦች አውጡ።
መ. የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር፣ አያቶቻችን ያወቁትንና ያላወቁትን ለይቶ እንዲናገር አድርጋችሁ እንደገና ጻፉት።

መልመጃ ሁለት

ቀደም ሲል በደብተራችሁ የጻፋችሁትን አውጡ። ነጭ ሽንኩርቱ የሚዘጋጅበት መንገድ አሊሲን እንዲፈጠር የሚያደርግ ነው ወይስ የሚከለክል? ምላሻችሁን ከምንባቡ ምክንያት እየጠቀሳችሁ በአምስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

ድርሰት

ስለ እንዶድ ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ገላጭ ድርሰት ጻፉ። ለመነሻ የሚሆናችሁ ይህ ነው። የእንዶድ ፍሬ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ ልብስ ይታጠብበታል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዓድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች በወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያ ትል የዕድሜውን ከፊል የሚያሳልፈው በቀንድ አውጣ ገላ ውስጥ ነው። ከዚህ ተነሥታችሁ እንዶድ ምንን እንደሚገድል፣ ምንንስ እንደሚከላከል ለዩ፤ «እንዶድ ቢልሃርዝያን ያድናል» ማለት ይቻል እንደ ሆነም መርምሩ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ከጎናችሁ ካለው ተማሪ ጋር ደብተር ተለዋወጡና፣ በእያንዳንዱ ግሥ ሥር አስምራችሁ በኅዳጉ ላይ «ማን አየ? በምን ላይ አየ?» የሚሉትን ጥያቄዎች መልሱ።